ከአማዞን ገበያ ውጭ የኤሌክትሮኒክ መጻሕፍትንና የማንበቢያ መሣሪያዎችን ስለ ማግኘት

ዱቄት ሳሙና የሚፈልግ ሸማች «ኦሞ ስጠኝ» ብሎ ሲጠይቅ ባለሱቁ የሌላ ፋብሪካ ዱቄት ቢያቀርብለት ብዙ ጊዜ ቅር ሳይለው ይዞ ይሄዳል። የአንድ ፋብሪካ ስም የዕቃው ሁሉ መጠሪያ ሆኖ መቅረቱ በንግድ ዓለም የተለመደ ነገር ነው። የኤሌክትሮኒክ መጻሕፍት ማንበቢያ መሣሪያም እንዲሁ በብዙ ደንበኞች አፍ «ኪንድል» ተብሎ ይጠራል። በሳሙናው ላይ የስሙ መወራረስ የሚያመጣው ጉዳት የለም፤ በዚህኛው ዕቃ ላይ ግን ከፍ ያለ ገንዘብ ያስከትላል። ሳሙናውን የገዛ ሰው ውሃውን ከየትም ቀድቶ ያጥባል፤ ኪንድል የገዛ ሰው ግን መጻሕፍቱን በአብዛኛው የሚገዛው መሣሪያውን ከሚሸጠው ከአማዞን ኩባንያ ነው።

ስለዚህ ይህን ዕቃ ለማስመጣት የሚያስብ አስመጪ፣ ለልጁ ወይም ለራሱ ሊገዛ የመጣን ሰው የሚያማክር ባለሱቅ፣ እንዲሁም የአማርኛ መጻሕፍትን በባሕር ማዶ ላሉ አንባቢዎች ለማድረስ የሚሻ ላኪ ከአማዞን ውጭ ያለውን ገበያ ማወቅ ይጠቅመዋል። ገበያው ከሚገመተው በላይ ሰፊ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

መሣሪያው ምን ዓይነት ዕቃ ነው?

እነዚህ መሣሪያዎች ከስልክና ከታብሌት የሚለዩት በስክሪናቸው ነው። የታብሌት ስክሪን ከውስጥ ብርሃን እየረጨ ዓይን ላይ የሚያበራ ሲሆን፣ የማንበቢያ መሣሪያው ስክሪን እንደ ወረቀት በላዩ ያረፈውን ብርሃን መልሶ ያሳያል። በውስጡ እንደ ጠጉር የቀጠኑ ጥቃቅን እንክብሎች ተደርድረዋል፤ በየእንክብሉም ውስጥ ነጭና ጥቁር የቀለም ብናኝ አለ። የኤሌክትሪክ ኃይል ሲነካቸው ከሁለቱ አንዱ ወደ ላይ ይወጣና ፊደሉን ይሥላል። ፊደሉ አንዴ ከተሣለ በኋላ ኃይሉ ቢቋረጥም በቦታው ይቆያል። ባትሪው በብዛት የሚያልቀው ገጽ ሲገለጥና የማታው መብራት ሲበራ ስለሆነ፣ አንድ ጊዜ ቻርጅ የተደረገ መሣሪያ ለሳምንታት ያገለግላል። መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ ለሚኖር አንባቢ ይህ ጠባዩ ብቻውን ዕቃውን የሚያሸጥ ነው። ፀሐይ ላይም ቢሆን ያለ ችግር ይነበባል።

ጉድለቱ ስክሪኑ ስስ በመሆኑ በቀላሉ መሰበሩ ነው። በሻንጣ ውስጥ ሌላ ዕቃ ተጭኖት የተሰነጠቀ መሣሪያ ብዙ ጊዜ ለጥገና የሚጠየቅበት ዋጋ ከአዲሱ ዋጋ እጅግም አይርቅም። ስለዚህ መሸፈኛውን ከመሣሪያው ጋር አብሮ ማስመጣት ይበጃል፤ ትርፉም በመሸፈኛው ላይ እንደሚሻል የስልክ ቸርቻሪዎች ያውቁታል።

የዚህን ስክሪን ገበያ አብዛኛውን የያዘው ኢ ኢንክ የተባለው ኩባንያ ነው። በ1997 በአሜሪካ በማሳቹሴትስ ግዛት ተቋቋመ፤ በ2009 ደግሞ አንድ የታይዋን ኩባንያ ገዛው። ኪንድልም፣ ኮቦም፣ ፖኬትቡክም ስክሪናቸው የሚመጣው ከዚሁ ከኢ ኢንክ ነው። ይህንን የተረዳ ባለሱቅ «ኪንድል ካልሆነ አይነበብም» ለሚል ደንበኛ መልስ አያጣም። ፊደሉ የሚታይበት ስክሪን ከአንድ ምንጭ የተቀዳ ነውና።

የአማዞን ዘዴና የሁለቱ ቁልፎች ነገር

በዚህ ስክሪን ተሠርቶ ለሕዝብ የተሸጠው የመጀመሪያው መሣሪያ የጃፓኑ ሶኒ ኩባንያ በ2004 ያወጣው ሊብሪዬ ነበር። ኪንድል የወጣው ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ኖቬምበር 19 ቀን 2007 ነው። ዋጋው 399 የአሜሪካን ዶላር ሆኖ ሳለ በአምስት ሰዓት ተኩል ጊዜ ውስጥ ተሸጦ አለቀ። ሶኒ ጥሩ መሣሪያ ነበረው፤ አማዞን ግን መሣሪያውን ከመጻሕፍቱ መደብር ጋር አጣምሮ አቀረበ። አዳዲስና ተፈላጊ መጻሕፍትን በ9 ዶላር ከ99 ሳንቲም ይሸጥ ነበር፤ ከእነዚህም ውስጥ አማዞን ለአሳታሚው ከዚህ የበለጠ ዋጋ የከፈለባቸው ነበሩ። በመጽሐፉ ላይ እየከሰረ ገዢውን አገኘ። በጅምላ ንግድ ውስጥ የኖረ ሰው ይህን ዘዴ ለመረዳት ማብራሪያ አይሻም።

አሳታሚዎች ዋጋውን ራሳቸው ለመወሰን በማሰብ በ2010 ከአፕል ኩባንያ ጋር ተዋዋሉ። የአሜሪካ መንግሥት ግን ይህ በተወዳዳሪዎች መካከል ዋጋን ለማስወደድ የተደረገ ምክር ነው ሲል በኤፕሪል 2012 አፕልንና አምስት አሳታሚዎችን ከሰሰ። አሳታሚዎቹ ታረቁ፤ አፕል በ2013 ተፈረደበት፤ በ2016 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይግባኙን ሳይቀበለው ስለ ቀረ ኩባንያው 450 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍል ግድ ሆነበት። አንድ ኃይለኛ ነጋዴን ለመቋቋም ሌሎቹ በዋጋ ላይ ቢዶልቱ ሕጉ በእነርሱ ላይ እንደሚመለስ የሚያሳይ ነገር ነው። ትርፍ ያለው መልስ ከዚህ የተለየ ነበር፤ ወደ ኋላ ይመጣል።

ገዢውን ከአንድ ሱቅ ጋር የሚያስሩት ቁልፎች ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው የፋይሉ ዓይነት ነው። ከአማዞን በቀር ሌሎቹ ነጋዴዎች በአብዛኛው የሚጠቀሙበት ኢፐብ የተባለው ዓይነት ሲሆን፣ ይህ በ2007 በአሳታሚዎችና በመሣሪያ ሠሪዎች ማኅበር የወጣና ማንም ያለ ክፍያ ሊሠራበት የሚችል ደረጃ ነው። ከ2017 ጀምሮም የኢንተርኔትን ደረጃዎች የሚያወጣው ዓለም አቀፍ ማኅበር ይጠብቀዋል። አማዞን ደግሞ የራሱን ዓይነት ይዞ ቆይቷል። ከ2022 ወዲህ ደንበኛው የኢፐብ ፋይል ወደ አማዞን ቢልክ ኩባንያው ለውጦ ወደ ኪንድሉ ያደርስለታል። ይህ ግን የሚሠራው ፋይሉ ያልተቆለፈ ሲሆን ብቻ ነው።

ሁለተኛው ቁልፍ በፋይሉ ላይ የሚደረገው መቆለፊያ ነው። አሳታሚዎች መጽሐፋቸው በነጻ እንዳይገለበጥ ሲሉ ፋይሉ ከገዢው መዝገብ ውጭ እንዳይከፈት ያስቆልፉታል። ከኮቦ የተገዛ የተቆለፈ መጽሐፍ በኪንድል አይከፈትም፤ ከአማዞን የተገዛውም በኮቦ አይከፈትም። የአፕል መደብር መጻሕፍትም ከአፕል ዕቃዎች ውጭ አይነበቡም። ስለዚህ ከአማዞን ሸሽቶ ወደ አፕል የሚሄድ ሰው ቤት ለወጠ እንጂ ከኪራይ አልወጣም።

«የራሴ ነው» ማለት እስከ ምን ድረስ እንደሆነ

ደንበኛው ገንዘቡን ከፍሎ የሚያገኘው በሕግ ቃል የመጠቀም ፈቃድ ነው። ይህ ቃል በውሉ ውስጥ በደቃቅ ፊደል የሚጻፍ ስለሆነ ብዙ ሰው ሳያነበው ያልፋል፤ ትርጕሙን የሚያስተምሩት የደረሱት ነገሮች ናቸው።

በጁላይ 2009 አማዞን የጆርጅ ኦርዌልን «1984» እና «የእንስሳት እርሻ» የተባሉትን መጻሕፍት ከደንበኞቹ ኪንድሎች ላይ ከሩቅ ሆኖ አጠፋቸው። ምክንያቱ ፋይሎቹን ያቀረበው ሻጭ በአሜሪካ ለመሸጥ መብት ያልነበረው መሆኑ ነው። ገንዘቡ ተመልሷል፤ የኩባንያው ሹም ሚስተር ጄፍ ቤዞስም በግልጽ ይቅርታ ጠይቀዋል። ቢሆንም የተሸጠን ዕቃ ከገዢው መደርደሪያ ላይ ሳይጠይቁ ማንሳት የሚቻል መሆኑ በዚያን ቀን ታወቀ። የጠፉት መጻሕፍት መንግሥት የሰውን አሳብ ስለ መቆጣጠሩ የሚናገሩ መሆናቸው ወሬውን የበለጠ አስፋፋው።

ማይክሮሶፍት ኩባንያ በኤፕሪል 2019 የመጻሕፍት መደብሩን ዘጋ። በጁላይ ወር የተሸጡት መጻሕፍት ሁሉ ከገዢዎቹ እጅ ጠፉ። ኩባንያው የተከፈለውን ገንዘብ መለሰ፤ በመጽሐፉ ዳርቻ ማስታወሻ ለጻፉትም 25 ዶላር ጨመረላቸው። ዕዳውን በሚገባ የከፈለ ነጋዴ ነው ሊባል ይቻላል። ነገር ግን በመጽሐፉ ጥግ ላይ ለፈተና ወይም ለሥራው የጻፈውን ያጣ ሰው 25 ዶላሩን ምን እንደሚያደርግበት መጠየቅ አይቀርም። ማይክሮሶፍት ደግሞ ደካማ ኩባንያ አይደለም፤ ሱቁን የዘጋው ገንዘብ አጥቶ ሳይሆን ሥራው ስላላዋጣው ነው።

በቻይና አገርም የአማዞን የኪንድል መጻሕፍት መደብር ጁን 30 ቀን 2023 ተዘግቷል፤ ደንበኞች የገዟቸውን እንዲያወርዱ የአንድ ዓመት ጊዜ ተሰጣቸው። ከፌብሩወሪ 26 ቀን 2025 ጀምሮ ደግሞ አማዞን የተገዙ መጻሕፍትን ወደ ኮምፒዩተር አውርዶ በገመድ ወደ ኪንድል ማሻገር የሚያስችለውን መንገድ አስቀርቷል። የካሊፎርኒያ ግዛት ሕግ አውጪዎች ይህን ሁሉ አይተው፣ ፈቃድ ብቻ የሚሰጥ ሻጭ ይህንኑ በግልጽ ሳያስታውቅ «ግዙ» የሚለውን ቃል እንዳይጠቀም የሚከለክል ሕግ አወጡ። ሕጉ ከጃንዩወሪ 2025 ጀምሮ ጸንቷል። የንግድ ቃል በሕግ ሲለካ ማየት የዘወትር ነገር አይደለም።

የሌሎቹ ነጋዴዎች መልስ

ለንግድ ምክር ቤት አባሎች ከሁሉ ይልቅ ትምህርት ያለበት የጀርመን መጻሕፍት ሻጮች ያደረጉት ነው። ታሊያ፣ ሁገንዱበልና ቬልትቢልድ የተባሉት መደብሮች እርስ በርሳቸው በገበያ የሚፎካከሩ ነበሩ። እያንዳንዳቸው ለብቻቸው አማዞንን የሚቋቋም መሣሪያ ለመሥራት አቅም አልነበራቸውም። በማርች 2013 ከበርቴልስማን የመጻሕፍት ክበብና ከጀርመን የቴሌኮም ኩባንያ ጋር ሆነው ቶሊኖ የተባለውን መሣሪያ በጋራ አወጡ። ቴሌኮሙ የቴክኒኩን ሥራ ያዘ፤ መደብሮቹ በየቅርንጫፋቸው መሣሪያውን በመደርደሪያ ላይ አስቀምጠው ለደንበኛ እያሳዩ ሸጡ። ከአንዱ መደብር የገዛው ሰው ከሌላውም ገዝቶ በዚያው መሣሪያ ለማንበብ ይችላል። ዋጋን በመደበቅ አልተመካከሩም፤ ዕቃውን ግን በአንድነት ሠሩ። በ2014 ሊብሪ የተባለው የመጻሕፍት ጅምላ ሻጭ ሲገባበት በትናንሽ ከተሞች ያሉ መደብሮችም በእርሱ በኩል ቶሊኖን ለመሸጥ በቁ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቶሊኖ በጀርመን የአማዞን ዋና ተፎካካሪ ሆነ። በ2017 የቴሌኮሙ ድርሻ ለኮቦ ተሽጧል።

ኮቦ ራሱ በካናዳ በቶሮንቶ ከተማ በ2009 የተጀመረ ነው። ራኩተን የተባለው የጃፓን ኩባንያ በ315 ሚሊዮን ዶላር ሊገዛው በ2011 ተስማምቶ በ2012 ተረክቦታል። ኮቦ እንደ አማዞን የራሱ መደብር አለው፤ መሣሪያው ግን ከሌላ የተገዛን ኢፐብ ሳይለወጥ ይከፍታል። በ2024 ያወጣቸው ክላራና ሊብራ የተባሉ መሣሪያዎች ደግሞ የጥገና መመሪያና መለዋወጫ በአይፊክስኢት ኩባንያ በኩል እንዲቀርብላቸው ተደርጓል። ዕቃው ሲበላሽ የት እንደሚወሰድ ለሚጠየቅ ባለሱቅ ይህ ጥቂት ነገር አይደለም።

ፖኬትቡክ በ2007 በዩክሬን በኪየቭ ተጀምሮ ዋና መሥሪያ ቤቱን ወደ ስዊዘርላንድ ያዛወረ ኩባንያ ነው። መሣሪያዎቹ ብዙ ዓይነት ፋይል ይከፍታሉ፤ ገዢው በአንድ መደብር እንዲወሰን አያስገድዱም። የቻይናው ኦኒክስ ኩባንያ ቡክስ በሚል ስም የሚያወጣቸው ደግሞ በአንድሮይድ የሚሠሩ ስለሆኑ የኮቦንም፣ የጉግልንም፣ የአማዞንንም የማንበቢያ ፕሮግራም በአንድ መሣሪያ ላይ ለመጫን ይቻላል። ዋጋቸው ከፍ ይላል። አሠራራቸውም ለአረጋዊ አንባቢ ትንሽ ያስቸግራል፤ ለተማሪና ለቢሮ ሠራተኛ ግን የሚስማሙ ናቸው።

መጻሕፍቱ የሚገኙበት ስፍራ

ከኮቦ መደብር ሌላ የጉግል የመጻሕፍት መደብር አለ፤ ከእርሱ የተገዛው መጽሐፍ በአሳታሚው ፈቃድ መሠረት በኢፐብ ወርዶ አዶቢ በተባለው ኩባንያ ፕሮግራም አማካይነት ወደ ኮቦ ወይም ወደ ፖኬትቡክ ይሻገራል። በአሜሪካ ቡክሾፕ የተባለው ድርጅት በጃንዩወሪ 2025 የኤሌክትሮኒክ መጻሕፍት መሸጥ ጀምሯል፤ ትርፉም የሚደርሰው ለየአካባቢው መጻሕፍት መደብሮች ነው። ያለ መቆለፊያ የሚሸጡም አሉ። ቶር የተባለው የልብ ወለድ አሳታሚ ከ2012 ጀምሮ መቆለፊያውን አንሥቷል። በዚያው ዓመት የሃሪ ፖተር መጻሕፍት በደራሲዋ በኩል ሲሸጡ ፋይሉ ሳይቆለፍ፣ የገዢው ምልክት በውስጡ ተቀርጾበት ወጣ፤ አማዞንም ደንበኞቹን ወደዚያ መደብር እንዲመራ ተገደደ። ተፈላጊ ዕቃ የያዘ ሰው ለታላቁ ነጋዴም ውል ሊያዝዘው እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አይገኝም።

የደራሲው መብት ያለፈባቸውን መጻሕፍት በነጻ ማግኘት ይቻላል። ፕሮጀክት ጉተንበርግ በአሜሪካ በ1971 በሚስተር ማይክል ሃርት የተጀመረ ሲሆን ከ70,000 በላይ መጻሕፍት ይዟል፤ አብዛኞቹ እንግሊዝኛ ናቸው። ስታንዳርድ ኢቡክስ የተባለው ማኅበር ከእነዚሁ እየመረጠ የፊደል ግድፈታቸውን አርሞ በአማረ አቀማመጥ ያወጣቸዋል። ኢንተርኔት አርካይቭ ደግሞ የተነሡ መጻሕፍትን ያውስ ነበር፤ አሳታሚዎች በ2020 ከሰሱት፣ በ2023 ተፈረደበት፣ በሴፕቴምበር 2024 ይግባኝ ሰሚውም ፍርዱን አጸናው። በዚህም ምክንያት ከ500,000 የሚበልጡ መጻሕፍት ከውሰቱ ወጥተዋል። መብታቸው ያለፈባቸው ግን አሁንም ይገኛሉ።

በአሜሪካና በካናዳ የሚኖር የቤተ መጻሕፍት ካርድ ያለው ሰው ኦቨርድራይቭ በተባለው ድርጅት በኩል መጻሕፍትን በነጻ ሊዋስ ይችላል። ይህ ውሰት በኪንድል የሚሠራው በአሜሪካ ብቻ ሲሆን በብዙዎቹ የኮቦ መሣሪያዎች ግን በውስጡ ተሠርቶ ይመጣል። ለቶሮንቶ ዘመድ ስጦታ የሚገዛ ሰው ይህን ቢያውቅ ምርጫው ይለወጣል።

የአማርኛ ፊደል ፈተና

ለአገራችን ገዢ ዋናው ጥያቄ ግን መሣሪያው አማርኛ ያነባል ወይ የሚለው ነው። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። በዚህ መዝገብ መሠረት የተጻፈ አማርኛ በመሣሪያው ውስጥ የፊደሉ ቅርጽ ካለ በትክክል ይታያል፤ ከሌለ ግን በፊደሉ ፈንታ ባዶ አራት ማዕዘን እየተደረደረ ይወጣል። ደንበኛው ዕቃው የተበላሸ መስሎት ይመልሰዋል።

መድኀኒቱ ቀላል ነው፤ ገንዘብም አይጠይቅም። ኖቶ ኢትዮጲክና አቢሲኒካ የተባሉት የፊደል ቅርጾች በነጻ እንዲሠራባቸውና እንዲታደሉ በፈቃድ የወጡ ናቸው። በኮቦ ላይ መሣሪያውን በገመድ ከኮምፒዩተር ጋር አገናኝቶ ለፊደሎች የሚሆን አቃፊ በውስጡ በመክፈት እዚያ ላይ መገልበጥ ይበቃል። ፖኬትቡክም ተመሳሳይ መንገድ አለው። ኪንድልም ከ2018 ወዲህ ይህንኑ ይፈቅዳል። ከሁሉ የሚሻለው ግን አሳታሚው ራሱ የፊደሉን ቅርጽ በኢፐቡ ውስጥ አብሮ ቢያስገባው ነው፤ ያን ጊዜ ገዢው የሚደክምበት ነገር አይኖርም። ቀድሞ ከዩኒኮድ በፊት በነበሩት የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች የተለቀሙ መጻሕፍት ወደ ኢፐብ ሲገቡ የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ስለሚሆኑ አስቀድሞ መለወጥና ቃል በቃል መታረም አለባቸው። ይህ ሥራ አሰልቺ ቢሆንም በእጁ የድሮ ፋይል ያለው ማተሚያ ቤት አንዴ የሚከፍለው ወጪ ነው።

ሌላው ነገር ፒዲኤፍ ነው። ብዙ ሰው በእጁ ያለው የአማርኛ መጽሐፍ ከወረቀት ፎቶግራፍ የተነሣ ፒዲኤፍ ነው። ይህ በስድስት ኢንች ስክሪን ላይ ፊደሉ ደቅቆ ለዓይን ያስቸግራል፤ ለእንደዚህ ያለው ደንበኛ አሥር ኢንች ያህል ስክሪን ያለውን ማቅረብ ያስፈልጋል። በቴሌግራም የሚዘዋወሩት የዘመኑ ደራስያን መጻሕፍት ፒዲኤፎች ግን በአብዛኛው ያለ ፈቃድ የተባዙ ናቸው። ዕቃውን ለማሸጥ ብሎ እነዚህን በመሣሪያው ላይ ጭኖ የሚሰጥ ባለሱቅ ከጎረቤቱ ከመጽሐፍ ሻጩ ኪስ እየወሰደ መሆኑን ሊያውቅ ይገባል።

በሕግ የተፈቀደውም ቢሆን ጥቂት አይደለም። በ2004 የወጣው የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 የደራሲውን የገንዘብ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ እስከ 50 ዓመት ይጠብቃል። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ያረፉት በ1947 ነው፤ በ1908 በሮም የታተመው «ልብ ወለድ ታሪክ» ስለዚህ ነጻ ነው። የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴም ሥራዎች እንዲሁ ናቸው፤ እርሳቸው በ1938 አርፈዋል። የ70 ዓመት ጥበቃ በሚሰጡት በአውሮፓ አገሮችም የሁለቱም ዘመን አልፏል። ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ ግን ያረፉት በ2003 ስለሆነ የ«ፍቅር እስከ መቃብር» መብት በአዋጁ መሠረት ገና ብዙ ዘመን ይቀረዋል። መሣሪያውን ከነአማርኛው ፊደልና ከነነጻዎቹ መጻሕፍት አዘጋጅቶ የሚያስረክብ ባለሱቅ፣ በውጭ አገር ገንዘብ የሚከፍል የባንክ ካርድ ለሌለው ደንበኛ እንኳ የሚነበብ ነገር ሰጥቶ ይሸኘዋል።

ለላኪዎች

የወረቀት መጽሐፍ ከአዲስ አበባ ወደ ዋሺንግተን ወይም ወደ ቴል አቪቭ ሲላክ የፖስታው ዋጋ የመጽሐፉን ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ፋይል ግን ክብደት የለውም። በዚህ ንግድ ውስጥ የሚገባ አሳታሚ ወይም ወኪል ድርሻውን አስቀድሞ ያስላ። አማዞን 70 በመቶ የሚከፍለው ዋጋው ከ2.99 እስከ 9.99 ዶላር ለሆነ መጽሐፍ ሲሆን ከዚህ ውጭ 35 በመቶ ይሰጣል፤ በ70 በመቶውም ላይ እንደ ፋይሉ ክብደት የማድረሻ ሒሳብ ይቀንሳል። ኮቦ ከ2.99 ዶላር ጀምሮ 70 በመቶ፣ ከዚያ በታች 45 በመቶ ይከፍላል፤ ከላይ ጣሪያ የለውም። ወፍራም የታሪክ መጽሐፍ በ12 ዶላር ቢሸጥ ከኮቦ 8.40፣ ከአማዞን 4.20 ዶላር ይገኛል ማለት ነው። ውሉ ከመፈረሙ በፊት አማርኛ በሚቀበሏቸው ቋንቋዎች ዝርዝር ውስጥ መኖሩንና ክፍያውን ወደ ኢትዮጵያ ባንክ የሚልኩ መሆናቸውን በጽሑፍ መጠየቅ ግዴታ ነው። መጽሐፉ ለአንድ መደብር ብቻ ተለይቶ እንዲሰጥ የሚጠይቅ ውል ሲቀርብም በጥንቃቄ ይታይ፤ አንባቢው በጀርመን ቶሊኖ፣ በካናዳ ኮቦ ይዞ ሊሆን ይችላልና።

ስለ ቀረጥና ስለ ትእዛዝ

የቀረጡ ምድብ በአውሮፓ ራሱ ያከራከረ ነው። አማዞን መሣሪያው መዝገበ ቃላት ስላለበት ቀረጥ በማይከፈልበት ንዑስ ምድብ ይገባ ብሎ ከሃኖቨር ጉምሩክ ጋር ተሟግቶ ነበር። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በጁን 11 ቀን 2015 በሰጠው ውሳኔ የዕቃው ዋና ሥራ ማስነበብ እንጂ መተርጐም ስላልሆነ በቁጥር 8543 70 90 ሥር እንዲመደብ አደረገ። የመጀመሪያዎቹ ስድስት አኃዞች በብዙ አገሮች አንድ ሲሆኑ የቀሩት በየአገሩ ይለያያሉ። በአንድሮይድ የሚሠሩት ደግሞ እንደ ኮምፒዩተር ሊታዩ ይችላሉ። ስለዚህ አስመጪው የዕቃውን ዝርዝር ይዞ ከጉምሩክ ኮሚሽን የምደባውን ውሳኔ ዕቃው ከመጫኑ በፊት ቢጠይቅ፣ ዋይፋይ ስላለውም ከኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የሚያስፈልገውን ፈቃድ ቢያጣራ በመጋዘን ከሚቆጠረው ኪራይ ይድናል።

የመጀመሪያው ትእዛዝ ከየዓይነቱ አንድ ናሙና ቢሆን ይሻላል። ናሙናው ሲደርስ አንድ የአማርኛ ኢፐብና አንድ የአማርኛ ፒዲኤፍ ተከፍቶበት ይታያል፤ ኢንተርኔት ሳይኖር ፋይል በገመድ መቀበሉም ይፈተናል፤ ከፋብሪካው አስቀድሞ በሌላ ሰው መዝገብ ያልታሰረ መሆኑ ይረጋገጣል። ያገለገሉ ኪንድሎችን በርካሽ የሚያቀርቡ ነጋዴዎች ሲያጋጥሙ ይህ የመጨረሻው ነገር በብርቱ ሊታሰብበት ይገባል፤ የቀድሞው ባለቤት ጠፍቶብኛል ብሎ ያስመዘገበው መሣሪያ በአዲሱ ገዢ ስም ሊመዘገብ አይችልም። በፕሮፎርማው ላይም የስክሪኑ ስፋት፣ የሚከፍታቸው የፋይል ዓይነቶች፣ የዋስትናው ዘመንና ዋስትናው በየትኛው አገር እንደሚጸና፣ መሸፈኛውና ትርፍ ስክሪኑ በስንት እንደሚቀርብ በዝርዝር እንዲጻፍ ይጠየቅ።